ከእሳትና ከቀብር በቀር

ጥቅምት 2፣ ጥርት ያለ ሰማይ

ይህን ደብተር የመብራት ኩባንያው ነው የሰጠን። ለናጊሪ መንደር ለየቤቱ አንድ ደብተር፣ አንድ ፎጣ፣ አንድ ሣጥን የባቄላ ጣፋጭ። አባቴ ፎጣውን የጀልባ መወልወያ አደረገው። ጣፋጩን ደግሞ "የእነሱን ነገር የሚቀምስ ከቤቴ ይውጣ" ብሎ መደርደሪያ ላይ ሰቀለው። ጠዋት ሣጥኑ ግማሽ ሆኖ ተገኘ። እኔ አይደለሁም፤ እናቴም አይደለችም፤ ያባቴ ጢም ላይ ግን ዱቄት ነበር። ከቤት ይውጣ አላልኩም።

ደብተሩን የፈለገው ሰው ስላልነበረ ለኔ ደረሰኝ። ትምህርት ላይ ብዙ አልዘለቅኩም። መምህራችን ሲያሰናብቱኝ "ኖቦሩ፣ አንተ ስትወጣ ክፍሉ ሰፋ" ነው ያሉኝ። ማስታወሻ ሲጻፍ መጀመሪያ የአየሩ ሁኔታ ይጻፋል ይሉ ነበር፤ ይኸው ጽፌያለሁ።

ሽፋኑ ላይ ነጭ ሕንፃ፣ ሰማያዊ ባሕርና የምትስቅ ፀሐይ አለ። ሕንፃው ከወደባችን ማዶ፣ ታኩኖ ጫፍ ላይ ሊሠሩት ያሰቡት የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ነው። ለፀሐይዋ ጢም ሳልኩላት። አሁን አባቴን ትመስላለች።

ጥቅምት 6፣ ደመና

በዓሣ አጥማጆች ማኅበር አዳራሽ ስብሰባ ነበር። የኩባንያው ሰውዬ ነጭ ጓንት አጥልቆ በረጅም ዘንግ ካርታ እየነካ አስረዳን። የማኅበሩ አባላት ባሕሩን ካልለቀቁ አንድ ድንጋይ አይጣልም አለ፤ ከሦስት ሁለት እጃችን እሺ ማለት አለብን።

አሮጊቷ ኦኪኑ እጃቸውን አወጡ። "ልጄ፣ ይሄ ነገር ሂሮሺማ ላይ ከወደቀው ጋር ዝምድና አለው?"

"እናቴ፣ ያ ቦምብ ነው። ይሄ ውሃ ማፍያ ነው። እንፋሎቱ መብራት ይሰጣል።"

"ውሃ ለማፍላት ነው ተራራ የምትንዱት? እኔ በእፍኝ ጭራሮ አፈላው የለ።"

እኔም ጠየቅሁ። የፈላው ውሃ ኋላ የት ይሄዳል? ሰውዬው፣ ወደ ባሕሩ ይመለሳል፣ ትንሽ ሞቅ ይላል እንጂ ጉዳት የለውም፣ እንዲያውም ዓሦቹ ይወዱታል አለ።

"እንግዲህ ኦክቶፐሱ ተቀቅሎ ሊወጣልን ነው" አልኩ። "እኛ ጨው ብቻ ይዘን እንጠብቅ።"

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ከሁሉ በላይ የሳቀው ጋሽ ኢሳኩ ነው። ሲጨርስ ግን ዓይኑን ከካርታው አልነቀለም። ለምን እንደሆነ እንጃ።

ጥቅምት 11፣ የደቡብ ነፋስ

ጋሽ ኢሳኩ ማን እንደሆነ ልጻፍ፤ ደብተሩ ባዳ ነው። ግድግዳ ለግድግዳ ጎረቤታችን ነው። የኦክቶፐስ ማሰሮ የምንጥልበት ገመድ ከአያቶቻችን ጀምሮ የሁለቱ ቤት የጋራ ነው። ሸክላ ማሰሮዎቹ በአንድ ረጅም ገመድ ታስረው ባሕሩ ወለል ላይ ያድራሉ፤ ኦክቶፐሱ ቤት ያገኘ መስሎት ይገባል። አባቴ ይጎትታል፣ ጋሽ ኢሳኩ ይቀበላል፣ እኔ እቀልዳለሁ። ጎህ ሳይቀድ ስለምንወጣ ከምሳ በኋላ መንደሩ በሙሉ ይተኛል።

ጋሽ ኢሳኩ ግን ተኝቷል አይባልም። ድመት ጣሪያ ላይ ስታዛጋ የሚነቃ ሰው ነው። አንድ ጊዜ እጅጌውን ከፍራሹ ጋር ልሰፋበት በጣቴ ጫፍ ገባሁ። ዓይኑን እንኳ ሳይገልጥ "ኖቦሩ፣ መርፌውን አስቀምጥና ሻይ አፍላ" አለኝ። አፈላሁ።

ሃትሱዬ ልጁ ናት። ስለሷ የሚጻፍ ነገር የለም። አፍንጫዋ ሽቅብ ነው፤ ስትስቅ ታንኮራፋለች። አባቴ መረብ ከሚጠግንበት ከባሕሩ ግንብ ላይ ሲቀመጡ የጓሯቸው የልብስ ማስጫ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ዛሬ ሰማያዊ መቀነት አስጥታለች፤ ትናንት ቢጫ ነበር። በአጋጣሚ ነው ያየሁት።

ጥቅምት 20፣ ዝናብ

ጋሽ ኢሳኩ ኩባንያው ባዘጋጀው ጉዞ ሄዶ ተመለሰ። አባቴ "አትሂድ" ብሎት ነበር። ጋሽ ኢሳኩ ጀልባው ላይ መጥቶ አባቴ ፊት ቆመ።

"ካንጂ፣ አየሁት።"

"ምኑን?"

"እንደሱ ያለውን፣ ሌላ ባሕር ዳር የሠሩትን። ንጹሕ ነው። ሠራተኞቹ ማታ ማታ ቤታቸው ይገባሉ። ሾጂን አሰብኩት።"

ሾጂ ታላቅ ልጁ ነው። ኦሳካ የብረት ፋብሪካ ከገባ ወዲህ ለአዲስ ዓመት እንኳ አይመጣም።

አባቴ ማሰሮ እያጠበ ነበር። "ኢሳኩ፣ እዚህ ውስጥ ምን ምግብ እናደርጋለን?"

"ምንም።"

"ምንም። ቤት ብቻ ነው የምናሳየው። እሱም ይገባል። ገመዱ ሲሳብ እንኳ አይወጣም፤ ቤቴ ነው ብሎ ግድግዳውን ሙጭጭ ይላል።"

"ልጄ የሚገባበት ቤት ከሆነ እኔም ሙጭጭ እላለሁ" አለ ጋሽ ኢሳኩ።

ማሰሮ ራሴ ላይ ደፍቼ ልጨፍርላቸው ሞከርኩ። ጭንቅላቴ ላይ ተጣበቀ እንጂ ማንም አልሳቀ።

ጥቅምት 28፣ ደመና

ጋሽ ኢሳኩ ታኩኖ ላይ ያለውን የጥድ መሬቱን ኩባንያው እንዲሰረስር ፈቀደ። አለቱ ሕንፃውን ይሸከም እንደሆነ ሊያዩ ነው። መሰርሰሪያው በጀልባ መጣ። ቀኑን ሙሉ ዱም፣ ዱም፣ ዱም።

አባቴ ገመዱን መሃል ላይ ቆረጠው። ግማሹን ማሰሮ ተሸክሞ ጋሽ ኢሳኩ በር ላይ ደርድሮ ተመለሰ። አልጮኸም። ቢጮህ ይሻል ነበር።

ኅዳር 4፣ ውርጭ

አባቴ ከስብሰባ ገብቶ "እነኢሳኩ ላይ ስምንቱን ቆረጥንባቸው" አለ። እናቴ የያዘችውን ሳህን አስቀመጠች።

የድሮ ሕግ ነው። መንደር ሰውን ሲቀጣ፣ ጎረቤት ለጎረቤት ከሚያደርገው አሥር ነገር ስምንቱን ይነፍገዋል። ሰርጉ፣ ልደቱ፣ ሕመሙ፣ ቤት ግንባታው፣ መንገዱ፣ ሌላውም ሌላውም። ሰላምታውም አብሮ ይሄዳል። የማይቆረጡት ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ እሳትና ቀብር። እሳት ከተነሣ ነገ የሁሉም ቤት ነው፤ ሬሳም ሜዳ ላይ አይቀርም።

"ማነው የቆረጠው?" አለች እናቴ።

"መንደሩ።"

"መንደሩ ማነው? የማኅበሩ ሊቀ መንበር አንተ አይደለህ?"

አባቴ እራት ጠየቀ። እናቴ ሩዙን ቀዝቃዛውን ሰጠችው።

ኅዳር 10፣ ፀሐይ

ሃትሱዬን ማናገር ተከልክያለሁ። ውሻቸውን ኩሮን ማናገር ግን ማንም አልከለከለኝም። ዛሬ ዓሣ ማሸጊያው በር ላይ ከኩሮ ጋር ተቀምጣ አገኘኋት። ፊቴን ወደ ባሕሩ አዞርኩ።

"ኩሮ፣ እመቤትህ ዛሬ ምን ሆና ነው ፊቷን የጣለችው?"

"ኩሮ፣ አልጣልኩም በለው። የሱን ፊት አይቼ ነው።"

"ኩሮ፣ ፊቴ እኮ ሰላምታ ቢፈቀድለት ያምር ነበር በልልኝ።"

"ኩሮ፣ አያምርም በለው። ሰላም እያለን በነበረ ጊዜም አይተነዋል።"

ኩሮ መሃላችን እያዛጋ ነበር። ሃትሱዬ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ኩሮ፣ እናቴ ሱቅ ሄዳ ለሾርባ ማጣፈጫ ሚሶ የሚሸጥላት አጣች ብለህ ንገረው" አለች።

ሲመሽ ከእናቴ ጓዳ ሚሶ ሰርቄ በማሰሮ አድርጌ በራቸው ላይ አስቀመጥኩ። ማሰሮው ላይ በከሰል የአባቴን ፊት ከነጢሙ ስዬበታለሁ። እናቴ የጎደለውን አየች። አላየችም መሰለኝ። አይታለች።

ኅዳር 16፣ ደረቅ ነፋስ

ሳወጣ ሳወርድ ሰንብቻለሁ። ሁለቱ አልተቆረጡም። ቀብር ማዘዝ አልችልም። እሳት ግን እችላለሁ።

ከምሳ በኋላ፣ ሁሉም በተኛበት ሰዓት፣ ወደብ ዳር ያለው የእሳት ማማ ላይ ወጥቼ ደወሉን በመዶሻ ቀጠቀጥኩት። "እሳቱ ቅርብ ነው" የሚባለውን አመታት፣ ያለ ማቋረጥ። መንደሩ እንዳለ ወጣ። አባቴ በውስጥ ሱሪ ነው የወጣው። ማንም ማንንም ሳያይ ወደ ጉድጓዱ ሮጠው በልማድ ተሰለፉና ባልዲ ከእጅ ወደ እጅ ይሄድ ጀመር። ጋሽ ኢሳኩ ለአባቴ ያቀብላል፣ አባቴ ለአሮጊቷ ኦኪኑ፣ እሳቸው ለሃትሱዬ እናት ለእትዬ ዮኔ። "የት ነው?" "ወደ ላይ ነው!" "ማን ቤት?" ባልዲው ሰልፉ ጫፍ ሲደርስ የሚደፋበት እሳት ስለጠፋ የመጨረሻው ሰው ጎመን ላይ ገለበጠው።

"ጎመኑ ተረፈ" አልኩ ከላይ።

ጋሽ ኢሳኩ ሆዱን ይዞ ተቀመጠ፤ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። አባቴም ከንፈሩ ተንቀሳቅሷል፤ አይቻለሁ፣ አይክደኝም።

"ካንጂ፣ ሱሪህስ?" አለው ጋሽ ኢሳኩ።

"የራስህን እይ" አለው አባቴ።

ገመዱ ከተቆረጠ ወዲህ የተነጋገሩት ይህን ብቻ ነው። ስለ ሱሪ ይሁን፣ ምን አለበት።

ከዚያ አባቴ ማማው ላይ ወጥቶ በጥፊ አጮለኝ። ጉንጬ እስካሁን ያቃጥላል። ደስ ብሎኛል። ስጽፍ ሁሉ እየሳቅሁ ነው።

ኅዳር 27፣ ብርድ

ደገምኩት። የወጣው ሰው ጥቂት ነው። አባቴ አልወጣም። ጋሽ ኢሳኩ ግን ባልዲውን ይዞ እየሳቀ ማማው ሥር መጣ። ዙሪያውን አየ። ሳቁ እየቀነሰ ሄደ።

"ኖቦሩ፣ ማንን ልትሰበስብ ነው?"

"እሳት ላጠፋ ነው ጋሼ።"

"ና ውረድ። ይበርድሃል።" ስወርድ ትከሻዬን ያዘኝ። "ሦስተኛውን ግን አልወጣልህም። ሽማግሌ አታስሮጥ።"

ማታ የማኅበሩ ሰዎች ቤታችን መጥተው ደወል መጫወቻ አይደለም፣ ልጅህን ያዝ አሉት አባቴን። ሲወጡ በር ላይ ጫማቸውን እያጠለቁ ሲያወሩ ሰማሁ።

"የኢሳኩ ቤት ቢሆን ኖሮ እኔ ባልዲዬንም አላነሣ።"

"ተው እንጂ። እሳትና ቀብር እኮ አይቆረጥም።"

"እሱ ድሮ ነው።"

አባቴ በሩን ይዞ ቆሞ ነበር። አልሰማ ይሆናል።

ታኅሣሥ 9፣ ኃይለኛ ነፋስ

የጋሽ ኢሳኩ መረብ ቤት ነደደ። ከዚያ ቤቱ።

ደወልኩ። ደወልኩ።

እጄ መዶሻውን እንደጨበጠ ቀርቷል፤ ብዕሩን የያዝኩት በግድ ነው። ነገ እጽፋለሁ።

ታኅሣሥ 10፣ ነፋሱ ቆሟል

ከምሳ በኋላ ነበር። ብቻዬን ወደብ ላይ ጀልባ ሳጥብ ከመረብ ቤቱ ጭስ ሲወጣ አየሁ። መረብ ለማድረቅ ከሰል ያነድድበታል። ወደ ቤቱ ልሩጥ ወይስ ወደ ማማው? ማማው አጠገቤ ነው፣ ቤቱ ዳገቱ ላይ። አንድ ሰው በአንድ ባልዲ ምን ያጠፋል፤ እሳትን የሚያጠፋው መንደር ነው ብዬ ወጣሁ። ትክክል ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ትክክል ነበር።

ቀጠቀጥኩት። ሌላ አመታት አላውቅም፤ ያንኑ ነው የመታሁት። የማኅበሩ ጸሐፊ መስኮት ተከፈተ፤ ሰውዬው ወደ ላይ አየኝ፤ መስኮቱ ተዘጋ። "እውነት ነው፣ እሳት ነው" ብዬ ጮህኩ። ይሄንንም ባለፈው ጮኼው ነበር። አባቴ ግንቡ ላይ መረብ ይዞ ተቀምጧል። ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ወደ ቤቶቹ ዞረ። ቆየ። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ ወደ መረቡ ተመለሰ።

ወርጄ ባልዲ ይዤ ሮጥኩ። ዳገቱ ላይ ሃትሱዬን አገኘኋት፤ ከቤት ወጥታ ወደ ማሸጊያው እየወረደች ነው። ደግሞ ጀመረህ በሚል ዓይነት እየሳቀች ነበር። ፊቴን ስታይ ሳቋ ፊቷ ላይ ደረቀ። ሁለታችንም ተመልሰን ሮጥን።

ቀድመውን የደረሱት አሮጊቷ ኦኪኑ ናቸው። የሻይ ማንቆርቆሪያ ይዘው። ከማንቆርቆሪያው ውሃ እያንጠባጠቡ "ኑ፣ ኑ" ይላሉ። ሌሎቹ የመጡት ጣሪያው ሲደረመስ ነው። ያኔ ሁሉም መጣ። ተሰለፉ፣ ባልዲው ከእጅ ወደ እጅ አለፈ፣ ጥሩ ሠሩ። ውሃው የእኛን ግድግዳ አዳነ።

ጋሽ ኢሳኩን ከፍራሹ ላይ ነው ያወጡት። እሳት አልነካውም፤ ጭሱ ነው አሉ። እትዬ ዮኔ ሚሶ ልትገዛ ሌላ መንደር ሄዳ ነበር፤ ስትመለስ ጥቅልሉን እንደያዘች ቆመች።

ማታ የማኅበሩ ጸሐፊ መጥቶ "የልጅህ ቀልድ ነው የመሰለን፤ ሁላችንም" አለ። አባቴ "አዎ" አለ።

ሁላችንም። ስለዚህ ጥፋቱ የኔ ነው።

ታኅሣሥ 12፣ ቀላል በረዶ

ቀብር። የቀረ ሰው የለም። ኩባንያው የአበባ ጉንጉን ላከ፤ ባለነጭ ጓንቱ ዛሬ ጥቁር አድርጎ መጣ። ለዛሬ መሰርሰሪያውም ቆሟል። ዝምታው ጆሮ ይበሳል።

ሬሳ ሳጥን ሲነሣ የፊት ቀኙ ማዕዘን የገመድ ባልንጀራ ቦታ ነው። ማንም አልጠጋበትም። አባቴ ገብቶ ያዘ። ሾጂ ከኦሳካ የተዋሰውን ጥቁር ልብስ ለብሶ ከኋላ ሄደ። ልብሱ ሰፍቶታል። ሌላ ጊዜ ቢሆን አንድ ነገር እል ነበር።

እትዬ ዮኔ ለእያንዳንዱ ሰው እንደ ወጉ ጎንበስ እያለች "ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ" አለች። አባቴ ፊት ከሁሉ ረዘም አድርጋ ጎነበሰች። "ስለመጣህ አመሰግናለሁ።" አባቴ ቤት ገብቶ ምግብ አልነካም።

ታኅሣሥ 21፣ ፀሐይ

አባቴ ግንቡ ላይ መቀመጥ ትቷል። መረቡን ቤት ውስጥ ነው የሚጠግነው፤ እናቴ መጥረጊያ የምታሳልፍበት የለም።

ዛሬ እሱ ይቀመጥበት የነበረው ቦታ ሄጄ ተቀመጥኩ። የልብስ ማስጫውን እሳት አልነካውም፤ ልብስ የለበትም እንጂ ቆሟል። ከኋላው የተቃጠለው ቤት የጠቆረ ምሰሶ አለ። ከምሰሶው ኋላ ጭር ያለ ሰማይ። ቆይቼ ተነሣሁ።

እናቴ ሩዝ ስታጥብ ነበር። "ከዚያ ቤታቸው ይታያል?" አለችኝ። የት እንደነበርኩ አልነገርኳትም።

"አይታይም" አልኩ። "የመረብ ማድረቂያው ይጋርዳል።"

ከውስጥ ያባቴ መርፌ ቆመ። ከዚያ ቀጠለ።

ጥር 15፣ ደመና

ድምፅ ተሰጠ። ሊቀ መንበሩ ቀድሞ መናገር ነበረበት። አልተናገረም። "ባሕሩን እንልቀቅ የምትሉ" ሲባል ያባቴ እጅ ወጣ። ከዚያ ከኋላው አንድ አንድ እያሉ አወጡ፤ ከሦስት ሁለት እጁ ሞልቶ ተረፈ። አሮጊቷ ኦኪኑ እጃቸውን እጅጌያቸው ውስጥ እንደከተቱ ወጥተው ሄዱ።

"ካንጂ፣ ምን ነካህ?" አለው ጸሐፊው በር ላይ።

"ለማን ብዬ ነው የምጠብቀው?" አለ አባቴ።

ወደ ቤት ስንመለስ ከኋላው ሄድኩ። ከጀርባው ሲታይ አጭር ሆኗል። የቀረንን ግማሽ ገመድ ከዚያ ወዲህ አልጣልነውም።

የካቲት 8፣ ጭጋግ

ታኩኖ ላይ ሥራ ተጀምሯል። ጥዶቹ የሉም። መንገድ ለማውጣት አለቱን በድማሚት ያፈርሳሉ፤ ድንጋዩን በመርከብ ጭነው ማዕበል መከላከያ እንዲሆን እየጣሉ ነው፤ ልክ የእኛ ማሰሮ ያድርበት የነበረው ላይ። የመንደሩ ወጣት ሁሉ ባለቆብ ሠራተኛ ሆኗል። እኔንም ጠርተውኝ ነበር። አልሄድኩም።

ሾጂ ዛሬ መጣ። ለመቅረት አይደለም፤ እናቱንና እኅቱን ወደ ኦሳካ ሊወስድ ነው። ጋሽ ኢሳኩ ያሰበው የተገላቢጦሽ ነበር።

አውቶቡሱ ጋ ሸኘኋቸው። ስምንቱ መቆረጡ ተነሥቷል፤ ሰላም ማለት ይቻላል። እኔና ሃትሱዬ ግን ያለ ኩሮ ማውራቱ ጠፍቶብናል። የሚገቡበት ቤት ውሻ ስለማያስገባ የኩሮን ገመድ አስያዘችኝ። ተንበረከከችና ጆሮውን ያዘች።

"ኩሮ፣ ይህን ሰው ንገረው። ያን ቀን ደወሉ ሲደወል አባቴ ተኝቶ ነበር። ምንም አልሰማም። አንድ ቃል አልተናገረም።"

አፍንጫዋ ቀልቷል። ወደኔ አላየችም።

"ኩሮ፣ ሰምቻለሁ በላት" አልኩ።

አውቶቡሱ ጭጋጉ ውስጥ ገባ። አንድ ቀልድ ይዤ ነበር፤ ትናንት ሙሉ ቀን ያዘጋጀሁት። አላልኩትም። አሁን ሳስበውም አያስቅም።

ይህን ስጽፍ ኩሮ እግሬ ሥር ነው። ታኩኖ ላይ ድማሚት በፈነዳ ቁጥር ብድግ ይልና ወደ ተቃጠለው ቤት አንገቱን ቀጥ አድርጎ ያያል፤ የሆነ ሰው እስኪወጣ የሚጠብቅ ይመስላል። ተኛ እለዋለሁ። አይተኛም።

ጋሽ ኢሳኩ እንቅልፉ ከባድ ነበር። ድመት አይደለም ጣሪያው ራሱ ቢወድቅ የማይነቃ ሰው ነበር። በጥቅምት ሌላ ጽፌ ነበር፤ አሁን ግን እንዲህ ብዬ ጽፌያለሁ።